የፕሮፌሰሩ ፊርማ

መምህሩ ወደ ምርምር ቢሮው የገባው የአገሪቱን ችግር ሁሉ የሚፈታ ፕሮፖዛል ታቅፎ ነው። ጥቁር የለበሰችውን ጸሐፊ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላትና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ያለ አንጋፋ ተመራማሪ ፊርማ የምርምር ገንዘብ አይሰጥም፤ የማስገቢያው ቀን ደግሞ ዛሬ ያበቃል።

"ፕሮፌሰር ጓንጉል ራሳቸው ናቸው የፈረሙልኝ" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ትናንት ቤታቸው ጠርተውኝ፣ በግ አርደው፣ 'አንተ ባትኖር ይህን አገር ምን ይውጠው ነበር' ብለውኝ።"

ጸሐፊዋ ፊርማውን ትኩር ብላ አየችው። "ደህና ነበሩ?"

"ደህና ብቻ? እንደ ጎረምሳ እየዘለሉ እስከ መኪናዬ ነው የሸኙኝ።"

ጥቁር ሻሿን አስተካከለች።

"ፕሮፌሰር ጓንጉል አባቴ ናቸው። የቀበርናቸው ባለፈው ሳምንት ነው።"

መምህሩ የሚላት ነገር ፈለገ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚለውን ገና ሲገባ ጨርሶታል።