ሁለት ምንጣፍ

አባት፣ የሰፈሩ ሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናት አራት ቋንቋ ያስተምራል ሲባል ሰምቶ፣ የአራት ዓመት ልጁን ሄራንን በአራቱም እስከ ሃያ ሲያስቆጥር ከረመ። እናቷ "ኧረ ልጅቷን አታድክማት!" ብትለው፣ ወይ ፍንክች!

በመግቢያ ፈተናው ቀን መምህርቷ አንዳች አልጠየቀችም። ለሄራን እንድትቀዳ ውሃ ያለበት ማንቆርቆሪያና ሁለት ብርጭቆ ሰጠቻት። አባትን "እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ" ብላ የሕፃን ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ሄራን ስትቀዳ ውሃው ትንሽ ፈሰሰ። አባት ከነወንበሩ ብድግ! ወንበሯ ከኋላው እንደተጣበቀች በመሀረቡ ሊጠርግ ሲያጎነብስ፣ ሄራን "አባዬ፣ የኔ ሥራ ነው!" ብላ መሀረቡን ነጠቀችው። መምህርቷ ሳቋን አፍና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

"ሰኞ አብራችሁ ኑ" ስትላቸው አባት እየዘለለ ወጣ።

ሰኞ ሁለት ምንጣፍ ተነጥፎ፣ በየምንጣፉ ማንቆርቆሪያና ሁለት ብርጭቆ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ትልቁ ምንጣፍ ላይ የተጻፈው የአባቷ ስም ነው።