የማንም ያልሆነ አቧራ

ደምሴ በገዛ ሚስቱ ለቅሶ ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጧል። የንፋስ ቀመሩ ከመጣ ወዲህ ደንቡ ይኸው ነው፤ ሰው ሲሞት ሳንባው ውስጥ የተገኘው ብናኝ በየትኛው ንፋስ፣ ከማን ደጅ እንደመጣ ይሰላል። የአብዛኛው ብናኝ ባለቤት ሆኖ የተገኘ ሰው ከሐዘንተኛ ጋር አይቀመጥም።

የሚስቱ የአስካለ ሳንባ ሲሰላ የወጣው የደምሴ ስም ነበር። ከሚሠራበት ሲሚንቶ ፋብሪካ ውሎ ሲመጣ ኮቱን ደጃፍ ላይ የምታራግፍለት እሷ ነበረች፤ "አቧራህን ቤት አታስገባብኝ" እያለች፣ እየሳቀች።

"የፋብሪካው ጭስ ማውጫስ?" ብሎ የእድሩን ዳኛ አቶ ሽብሩን ጠይቋቸው ነበር።

"እሱ እኮ ሽቅብ ነው የሚለቀው። ሽቅብ የወጣ ይበተናል፤ የተበተነ ደግሞ የማንም አይደለም ይላል ቀመሩ። እኔ ምን ላድርግህ ወንድሜ?" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

የአስካለ እህት ጥሩነሽ ንፍሮ ይዛ ወጣች። ለሁሉም ስታድል እሱን ዘላው አለፈች።

ጧት ሲተከል ነጭ የነበረው ድንኳን እኩለ ቀን ላይ ግራጫ ሆኗል። ከጭስ ማውጫው የሚወርደው አመድ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ደምሴ ሳያስበው ሊያራግፈው እጁን አነሳ።

"እዚህ እንዳታራግፍ!" ብላ ጮኸችበት ጥሩነሽ። "እህቴ አልበቃችህም?"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አመዱን ቀስ አድርጎ በመዳፉ ሰበሰበና፣ እንደ ራሱ ንብረት ኪሱ ከተተው።