ላይ፣ ታች፣ ቀኝ

«ላይ። ታች። ቀኝ። ቀኝ። ግራ» አለ ወንድምየው መዳፉን እያዟዟረ። የዓይን ክሊኒኩ ሰሌዳ ላይ ያሉት ባለ ሦስት እግር ምልክቶች እግራቸው ወዴት እንደዞረ ነበር የተጠየቀው። በአርባ አምስት ዓመቱ ፈተና ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አንድም አልሳተም። ዓይኑ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ።

አጠገቡ የቆመችው እህቱ ግን ደስ አላላትም። ወንድሟ ካልሲ የሚያጣምርበት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ትናንት ቁርጡን ነግሯታል። «ባለ መስመሩን ከሌጣው ጋር እያጣመረ አስቸገረን። ዓይኑ ከሆነ መነጽር አድርጎ ይምጣ። ጭንቅላቱ ከሆነ ግን እቤቱ ይቀመጥ።» ወንድሟ ደግሞ በዓል ሲሆን እንኳ ሥራ ቀረብኝ ብሎ የሚያኮርፍ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ድገመው» አለችው።

ሐኪሟ የመጠቆሚያ ዘንጓን ገና ሳታነሳ «ላይ። ታች። ቀኝ...» ብሎ ጀመረ።

ያኔ ገባት። በሩ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ የገባው ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲል ይሰማ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ ዘፈን እያንጎራጎረ መስሏት ዝም ብላዋለች። አንዴ የሰማውን መቼም አይረሳም።

«ዶክተር፣ እባክዎ ሰሌዳውን ይገልብጡት።»

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ገለበጠችው።

«ላይ። ታች። ቀኝ። ቀኝ። ግራ።»

«ጋሼ፣ ይታይሃል?»

«አዎ» አለ፣ ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ እሷ ዞሮ። «ልክ ነኝ አይደል እቱ?»

ዕድሜውን ሙሉ ይታይሃል ሲሉት አዎ ይላል፤ አዎ ሲል ሰው ደስ ይለዋላ። ደረጃ አፋፍ ላይ በቆመ ቁጥር «አትልፈስፈስ» እያለች እጁን ስትጎትት የኖረችው ትዝ አላትና አፈረች።

ሐኪሟ ከባዱን የሙከራ መነጽር አፍንጫው ላይ አስቀምጣ መስተዋቱን ደጋግማ ቀያየረች። በአራተኛው ላይ ወንድሟ አቀረቀረ። ሰሌዳውን ረስቶ ቁልቁል እግሩን ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ምን ሆንክ?»

«ጓደኛሞች አይደሉም» አለ።

ሌጣውን በሌላው እግሩ ላይ ትቶ፣ ባለ ቀጭን መስመሩን ካልሲ አውልቆ ለእህቱ ዘረጋላት። ጠዋት በጥድፊያ አጣምራ ያቀበለችው እሷ ነበረች።