የአምባዬ ፊልም

አምባዬ የካሴቱን መያዣ ባንኮኒው ላይ አኖረና ዝናብ የመታውን ኮቱን አራገፈ። በመቱ ከተማ የቪዲዮ ካሴት የምታከራየው ኸዲጃ፣ የመለሰላትን ሰው አስተያየቱን ሳትሰማ አትሸኝም ነበር።

«እህሳ ጋሼ አምባዬ፣ የህንዱ ፊልም እንዴት ነበር?»

«ተይኝ እስቲ! ወንድማማቾቹ ሲገናኙ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዘፈኑ ግን በዛ፤ ሰው እየሞተ ይዘፈናል እንዴ?»

ከት ብላ ሳቀች። መሥሪያ ቤት «ጓድ» ከሚሉት በቀር የሚያጫውተው የለምና፣ ለዚህች ሳቅ ሲል ሳምንቱን ሙሉ ቃል ሲመርጥ ይሰነብት ነበር።

ካሴቱን ልታጠነጥን መያዣውን ብትከፍተው ባዶ ነው። የሱቁን ዴክ ማውጫ ስትጫነው ካሴቱ ብቅ አለ፤ ለካ እዚያው ረስታው ባዶውን መያዣ ሰጥታው ኖሯል። እሱም ይዞት ሄዶ ይዞት መጣ እንጂ ከፍቶ አላየውም። ምን ሊያደርግለት? በኪራይ ክፍሉ ከአልጋና ከኩራዝ በቀር ዴክም ቴሌቪዥንም አልነበረውም።

ፊቱ ጋለ። ወደ በሩ ዞረ። ኸዲጃ በርጩማ ከባንኮኒው ሥር ጎትታ አቀረበችለት።

«በዚህ ዝናብ የት ሊሄዱ ነው? እኔ ያየሁት ላይ ወንድማማቾች የሉም፤ የእርስዎ ይሻላል። ይቀመጡና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»