እጅጌ

ሁለት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ልጁን ለምህንድስና ተቀብለዋት፣ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ባለሙያው የላኩላትን ብሮሸሮች ከማሽኑ አጠገብ ዘርግቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አንዱ ስመ ጥር ነበር፤ ወረቀቱ ያብለጨልጫል። የሌላውን ስም ሰፈሩ ውስጥ የሰማ አልነበረም። ልጅቷ አባቷ ለስም እንደሚያደላ ገምታ ሙግቷን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

“ጽሑፉን ባላነበውም ፎቶውን አነባለሁ” አለና ከአንጓዋ የተቆረጠች ሌባ ጣቱን የሚያብለጨልጨው ወረቀት ላይ አሳረፈ። አንድ ተማሪ በሚሽከረከር ቶርኖ ላይ አጎንብሶ ይስቃል፤ የሸሚዙ እጅጌ ተንዘላዝሏል። “ይኼን ልጅ ዝም ብሎ ያየ አስተማሪ ብረት ቆርጦ አያውቅም። ማሽን እንደሆነ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ያገኘውን እጅጌ ይጎትታል።” ቀጭኑን ብሮሸር ገለጠ። እዚያ ከሽበታሙ መምህር ጀምሮ ሁሉም እጅጌያቸውን እስከ ክርን ጠቅልለዋል። “እኔን ከጠየቅሽኝ እነዚህ ጋ ሂጂ። ለጎረቤት የምናወራው ቢቀር ይቅር።”

“አባዬ፣ እኔ እኮ ትናንት ፈርሜ ልኬያለሁ።”

ጣቱ ወረቀቱ ላይ ቀረች። “ለየትኞቹ?”

ልጅቷ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለችና ማሽኑን አስነሳች።