ሊቀመንበሩ የተሸከመው ድንጋይ

አለምነህ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። እኔም መቀመጫዬን አመቻችቼ በደንብ አየሁት። ምን ላድርግ፣ ይችን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት!

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ባሌ ቢራራ ሞቶ ሐዘን ላይ ሳለሁ የድንበራችንን ድንጋይ ነቅሎ የገብስ ማሳዬን ከራሱ ማሳ ጋር ቀላቀለው። ስከሰውም መሬቱን በፈቃዷ ለቅቃልኛለች የሚል የሐሰት ወረቀት ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

ደባርቅ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ታሰረ፤ ሥልጣኑም በዚያው አበቃ፤ ዳግመኛ እንዳይመረጥ ተከለከለ። ለእኔ ግን ምን ተረፈኝ? ድንበሩን አጥርቶ የሚያውቀው ቢራራ ነበር፤ እኔ በግምት እስከ አስታው ቁጥቋጦ ነው ብል ማስረጃ አጣሁ። ድንጋዩ የለ፣ ቢራራ የለ። ማሳዬ ጦሙን አደረ።

አሁን እስሩን ጨርሶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

«እትዬ አረጋሽ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ።

በሥልጣኑ ጊዜ «አንቺ ሴትዮ» ነበር የሚለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ!

«ልጄ፣ ይብቃው፤ አንገቱ ሊሰበር ነው» አሉ ቄስ ወልደ ገብርኤል።

«ትንሽ ይቆይ፣ አባ። እኔስ ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ የለም?»

ጎረቤቴ አበባ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል ዓይኔ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ቀላ ያለ ነው፤ ጎኑ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። ቢራራ በመሮ የቀረጸው መስቀል!

«እናንተ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ይሄ እኮ የኔ የድንበር ድንጋይ ነው!»

አለምነህ ቀና ልበል ቢል ድንጋዩ ከለከለው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከጓሮዬ» አለ ላቡ እየተንጠባጠበ። «ሽማግሌዎቹ ሲያጣድፉኝ ቅርብ ያገኘሁትን አነሳሁ።»

«ወይ ጉድ! የሰረቀውን ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ!» አለች አበባ። ደጄ በሳቅ ተናጋ፤ ቄሱ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

እኔ አልሳቅኩም።

«እንዳታወርደው! የነቀልክበትን ቦታ አንተ ታውቀዋለህ። ተሸክመህ ሄደህ እቦታው አድርሰው። ያኔ ይቅር እልሃለሁ።»

ተነሳ። ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ መንደሩ በሙሉ በእልልታ ተከተለው። እኔ ዱላዬን ይዤ ከኋላው ነኝ። ከአስታው ወዲህ ቢቆም በዚያው ድንጋይ ነው የምወግረው ብያለሁ።

አስታው ጋ ደረሰ። አልቆመም።

አልፎት ሄደ። ከጉልበቱ በላይ ወደ ቆመው ወደ ገዛ ገብሱ ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ እህሉን!» ብላ ጮኸች ሚስቱ ስጦታ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አልኩት እኔም ግራ ገብቶኝ።

«ገና ነው፣ እትዬ» አለ።

እልልታው ቆመ። የሚሰማው ገብሱ እግሩ ላይ ሲንሿሿ ብቻ ነው። እኔ እንኳ የኔ ነው ብዬ የማላውቀውን መሬት አቋርጦ መሀሉ ላይ ቆመ፤ አፈሩን በእግሩ ጫረት ጫረት አደረገው።

«እዚህ ነው። ከእኔና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንዲህ ያለ ደስታ ከሰርጌ ወዲህ አላየሁም። ዱላዬን ጥዬ ሮጥኩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አለምነህ!» አልኩት፤ ሁለቱንም እጆቼን ከድንጋዩ ሥር አስገብቼ ከጫንቃው ላይ አብሬው አወረድኩት። እንዴት ይከብድ ኖሯል!