የእትዬ መሰለች መደበቂያ

«ሑስና፣ ዛሬም ሴቭ አላደርግ አለኝ!» ዲዛይን የምትሠራው ሎሚ ከክፍሉ ማዶ ትጮሃለች።

«ሰርቨሩ ጢም ብሏል» እላታለሁ። «ማን ሞላው? እናንተ! የልደት ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ምኑ ቅጡ!»

በዚህ የአዳማ ልብስ ስፌት ቤት ኮምፒውተር የተባለ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው። ሁላችንም በምንጠቀምበት ሰርቨር ላይ ቦታ ለይቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ የሥራ ፋይል «የጋራ» ወደተባለው ፎልደር፣ የማይፈለገው ደግሞ «የሚጣል» ወደተባለው ይገባል። ስንት ጊዜ ለፈለፍኩ! ግን ማን ሰምቶኝ? አሁን «የሚጣል»ን ጠራርጌ ቦታ ላስለቅቅ ነው። ከምሳ በኋላ ከወለንጪቲ የሕፃናት ትምህርት ቤት ባለቤት መጥተው የልጆቹን ዩኒፎርም ያያሉ፤ የሚቆረጠውም በእትዬ መሰለች ፓተርን፣ በመቁረጫ ንድፋቸው ነው።

እትዬ መሰለች የቤቱ አንጋፋ ቆራጭ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሣሏቸው ፓተርኖች በሙሉ በወረቀት ነበሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ግን የእኛን ጣሪያ አያውቅም፤ ክረምት ላይ አፈሰሰና ወረቀቱ ይሻግት ጀመር። ለምኜ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ስካን አድርገን ሰርቨሩ ላይ አስገባንና ወረቀቱን ጣልነው። ከሰርቨሩ ሌላ የትም የሉም።

«የሚጣል»ን መርጬ አጥፋ እለዋለሁ። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ መሄድ ይጀምራል። ደስ ይላል፤ ቤት እንደ መጥረግ ነው።

በዚህ መሀል እትዬ መሰለች ወደ ጥግ ሄደው የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይሰዳሉ። ሲመልሱት ያ ሁላችንም ስንፈልገው የኖርነው ትልቁ መቀሳቸው አብሮ ይወጣል።

«ውይ! እዚያ ነው እንዴ የሚደብቁት?»

«ታዲያስ! ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ካርቶን ትቆርጡበትና ታዶለዱሙብኛላችሁ። ቆሻሻ ውስጥ ማን እጁን ይከታል? ጥሩ ዕቃ የሚቀመጠው ማንም የማይመኘው ቦታ ነው፣ ሑስንዬ።»

እስቃለሁ። ከዚያ ወደ አረንጓዴው መስመር ዞር እላለሁ።

«እትዬ መሰለች፣ ፓተርኖቹን የት ነው ያስቀመጧቸው?»

«አንቺ ያልሽኝ ቦታ ነበሩ። ኋላ ሎሚ ገብታ የሣልኩትን እጅጌ አሳጥራ ጠበቀችኝ! እኔም አንስቼ ማንም ከማይገባበት...» ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ያርፋል።

«ያ ረቢ!» ማውዙ እምቢ ይለኛል። የኔትወርኩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ መንጭቄ አወጣዋለሁ። መስመሩ ባለበት ይቆማል።

እትዬ መሰለች መቀሱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል። «ሄዱ?» ይላሉ። ድምፃቸው እንዲህ ሲቀጥን ሰምቼ አላውቅም። በጣም እፈራለሁ፤ ወረቀቱን ያስጣልኳቸው እኔ ነኛ።

ገመዱን መልሼ ሰክቼ ፎልደሩን እከፍታለሁ። ሰው ጥሏቸው የነበሩት የልደት ፎቶዎች የሉም። ሁለት የሠርግ ቪዲዮዎችም ሄደዋል። ሦስተኛው ግን ከባድ ነውና ማሽኑ እሱን ሲታገል ነው የደረስኩበት። ከሥሩ ባለ ሽንሽኑ ቀሚስ አለ። ጉርዱ አለ፣ የወንዶቹ ቁምጣ አለ፣ ዩኒፎርሙም ከነእጅጌው አለ። እስከ ታች ድረስ አብረን እንቆጥራለን።

«ሁሉም አሉ፣ እትዬ! ወላሂ አንድም አልጎደለ!»

«እሰይ! እመብርሃን!» ብለው ግንባሬን ይስሙኛል።

እዚያው «የእትዬ መሰለች» የሚል አዲስ ፎልደር ከፍቼ ፓተርኖቹን አስገባለሁ። «ሌላው ሰው ያያቸዋል፣ ይገለብጣቸዋል። መለወጥ የሚችሉት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሎሚም አትችልም?»

«ሎሚም አትችልም።»

«ጥሪያትና ትሞክር!»

ሎሚ መጥታ እጅጌውን ታሳጥራለች። ኮምፒውተሩ አይቻልም ይላታል። ደግማ ትሞክራለች፤ አሁንም አይቻልም። እትዬ መሰለች እስኪያስላቸው ይስቃሉ። «አይለምደኝም፣ እትዬ!» ትላለች ሎሚ፣ እሷም እየሳቀች።

«ለመቀሴስ እንዲህ ያለ ነገር የለሽም?» ይሉኛል እንባቸውን እየጠረጉ።

«ለመቀስ እንኳ የለኝም።»

«እንግዲያው ይመለሳላ።» ወደ ጥግ ሄደው ጆንያው ውስጥ ከከተቱት በኋላ ዞር ብለው ያዩኛል። «ሲያስፈልግሽ ውሰጂው። ካርቶን ብቻ እንዳትቆርጪበት።»

መቀሱን እስከ ታች አልቀበሩትም። እጀታው ከቁርጥራጮቹ መሀል ብቅ ብሎ ይታያል።